ገዳዩን ፖስተር ላይ አትስቀሉት

ይህን ነገር በሆዴ ከያዝኩት ቆየሁ፤ ዛሬ ልተንፍሰው። ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞቻችን ፖስተር ነው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሐሳቤን መጀመሪያውኑ ልናገረው። የልብ አንጠልጣይ ፊልም ፖስተር ሥራው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ታሪኩን መተረክ አይደለም፤ ተዋናዮቹን እንደ ክፍል ፎቶ አሰልፎ ማሳየትም አይደለም። መንገደኛው ታክሲ እየጠበቀ ቀና ብሎ አይቶት «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ካለ ፖስተሩ ሥራውን ሠርቷል። «አሃ፣ ገባኝ» ብሎ ፊቱን ካዞረ ግን ምን ሊያይ ትኬት ይቆርጣል? ይሄ ጥያቄ ደግሞ ፊልሙ ተቀርጾ፣ ኤዲት ተደርጎ፣ ለምረቃው ሦስት ቀን ሲቀረው በሩጫ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስክሪፕቱ ባለቀ ማግስት መታቀድ አለበት።

እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። የሠርግ መጥሪያም፣ የሆቴል ሜኑም፣ የምርቃት ባነርም እሠራለሁ፤ እንጀራዬ ነው። በየመሃሉ የፊልም ፖስተር ይመጣል። እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ስልክ ይደወላል። «ወንድሜ፣ አሪፍ ፖስተር ፈልገን ነበር። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ለነገ ጠዋት ይደርሳል አይደል?» ቴሌግራሙን እከፍታለሁ። ከፊልሙ ላይ ስክሪን ሾት የተደረጉ አሥራ አንድ ፎቶዎች ናቸው። ግማሾቹ የደበዘዙ፣ አንዱ ላይ ተዋናይዋ ዓይኗን ጨፍናለች። ስክሪፕት የለም። «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» ስል፣ «ልብ አንጠልጣይ ነው። ጨለም አድርገው። ሽጉጥ ምናምን ጨምርበት» ይሉኛል። በቃ፣ ዕቅዱ ይኸው ነው።

ይህ የዲዛይነር ብሶት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ጉዳቱ ለፊልሙ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የአገራችንን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ለማየት ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ የሰው ልፋት ነው። ፖስተሩ ላይ ዘጠኝ ጭንቅላት አለ። ስምንቱ ላይ ሰማያዊ መብራት በርቷል። ዘጠነኛው፣ ፊልሙ ውስጥ ደግ ጎረቤት ሆኖ የሚመጣው ሰውዬ፣ ግማሽ ፊቱ ቀይ ነው፤ ከንፈሩ ጥግ ላይም ፈገግታ ቢጤ አለች። ፊልሙ ከተጀመረ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላውም፣ ሰውዬው ለሐዘንተኞቹ ምግብ ይዞ ሲገባ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ፣

«እሱ ነው የገደላት» አለቻት።

«በምን አወቅሽ?»

«ፖስተሩን አላየሽም እንዴ?»

እስቲ አስቡት። ደራሲው ያንን ሰውዬ ደግ ለማስመሰል ስንት ሌሊት ቁጭ ብሏል? ተዋናዩ ድምፁን ለስላሳ ለማድረግ ስንት ቀን ተለማምዷል? ዳይሬክተሩ ጥርጣሬውን ወደ ሌላ ሰው ለማዞር ስንት ትዕይንት ደክሞባቸዋል? ያንን ሁሉ ድካም አንድ ቀይ መብራት በላው። ልጅቷ የቀረውን አንድ ሰዓት ከምናምን ስልኳን እየነካካች ጨረሰችው። ስትወጣ ለሰው ምን ብላ እንደምታወራ መገመት አያቅትም፦ «ያስታውቃል።» ለልብ አንጠልጣይ ፊልም ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

እኛ ደግሞ ይሄ ጥበብ እንግዳችን መሆን አልነበረበትም። ልጅ ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት ምን ነበር የምናደርገው? ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል። ጠያቂው አይዋሽም። የሚናገረው ሁሉ ስለ ነገሩ እውነት ነው፤ ስሙን ብቻ ይይዛል። መላሹ ካቃተው አገር ይሰጣል። ጥሩ ፖስተርም እንደዚያ ነው፤ ተመልካቹ አገር በመስጠት ፋንታ ትኬት ይቆርጣል። መልሱን አብሮ የሚናገር ጠያቂ ግን እንኳን አገር፣ ቀበሌም አያገኝ።

ሰምና ወርቅም አለን። ከፊልሙ በፊት ሰሙን ታያለህ፤ አዳራሽ ገብተህ ስትወጣ ያው ፖስተር ፊትህ ቆሞ ወርቁን ያሳይሃል። «ለካስ!» ትላለህ። ለእኔ የመጨረሻው መመዘኛ ይሄ ነው። ፖስተሩ ሁለት ጊዜ መነበብ አለበት፤ ሲገቡ አንድ፣ ሲወጡ ሌላ።

እዚህ ጋ «ታዲያ ሁሉን ነገር ደብቁ ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሒችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ ጋር ባደረገው ታዋቂ ቃለ ምልልስ ላይ ያነሳው ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ቦምቡን ሳያውቅ ቢፈነዳ የጥቂት ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡን አስቀድሞ ካወቀ ግን ያ ተራ ወሬ በሙሉ ያስጨንቀዋል፤ ደቂቃ በደቂቃ ይጠብቃል። የልብ አንጠልጣይ ምሥጢሩ ይሄ ነው። ስለዚህ ቦምቡን ፖስተር ላይ ማሳየት ይቻላል። የማይታየው ቦምቡን ማን እንዳስቀመጠውና ይፈነዳ እንደሆን ነው።

የ«ጆውስ»ን ፖስተር አስታውሱ፣ እ.ኤ.አ. የ1975ቱን የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም። ሥዕሉን ሮጀር ካስቴል መጀመሪያ የሠራው ለፒተር ቤንችሊ መጽሐፍ ሽፋን ነው፤ ፊልሙ ከዚያ ወሰደው። ላይ አንዲት ሴት ትዋኛለች፤ ከሥሯ ግዙፍ ሻርክ አፉን ከፍቶ ሽቅብ እየመጣ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሻርኩ ጎላ ብሎ የሚታየው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው፤ ፖስተሩ ግን በመጀመሪያው ቀን አሳይቶታል። ፊልሙን ገደለው? በጭራሽ። ምክንያቱም ሴትየዋ አላየችውም። እኛ ብቻ ነን ያየነው። ገና ምንም አልሆነም፤ ሊሆን አንዲት ቅጽበት ቀርቷል። ጥርሱ ገላዋ ላይ ደርሶ ደም ተረጭቶ ቢሆን ኖሮ ዜና ይሆን ነበር። የፖስተር ጊዜ ከመሆኑ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት። የእኛ ፖስተሮች ግን የሚወዱት በኋላ ያለውን ነው፦ የተዘረጋ ሬሳ፣ የሚያለቅስ ሰው፣ ጭስ የሚወጣው ሽጉጥ።

ሌላ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» በብዛት የሚታወቀው ፖስተሩ የገረጣ የሴት ፊት ነው፤ አፏ ላይ የእሳት ራት አርፋለች። በቃ። ቢላ የለም፣ ደም የለም። ከሩቅ ስታየው አፍ የተዘጋባት ሴት ናት። ቀረብ ስትል የእሳት ራቷ ጀርባ ላይ የራስ ቅል አለ። በጣም ቀረብ ብለህ በማጉያ ካየኸው ደግሞ የራስ ቅሉ ራሱ ከሰባት ሴቶች እርቃን ገላ የተሠራ ነው፤ ፎቶግራፈሩ ፊሊፕ ሃልስማን ከሠዓሊው ዳሊ ጋር ከሠራው ፎቶ የተወሰደ። ፊልሙ ሴቶችን ስለሚገድል ሰው ነው። ሁሉም ነገር እዚያው ፖስተሩ ላይ አለ፤ ግን ማንም አስቀድሞ አያነበውም። ሰምና ወርቅ ማለት ይኸው ነው፣ ቅኔ ቤት ሳይገቡ።

«ተዋናዩ ካልታየ ሰው አይገባም» ለሚሉኝ ፕሮዲውሰሮች ደግሞ የ1960ውን «ሳይኮ» እጠቅሳለሁ። (ከስልሳ ዓመት በላይ ስላለፈው መጨረሻውን ብናገር ይቅር በሉኝ።) ፖስተሩ ላይ ጎልታ የምትታየው ጃኔት ሊ ናት፣ የፊልሙ ትልቅ ስም። ተመልካቹ «ይቺ ናት ዋናዋ፣ እስከ መጨረሻው አብራን ናት» ብሎ ይገባል። ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ትገደላለች። ሒችኮክ የታዋቂዋን ፊት ሰው ለመሳብም፣ ሰው ለማታለልም ተጠቀመበት። አርፍዶ የመጣ ሰው አዳራሽ እንዳይገባ እስከ መከልከልም ደርሶ ነበር፤ ክልከላውም ራሱ የማስታወቂያው አካል ሆነ። ፊት ማሳየትና ምሥጢር መጠበቅ አይጣሉም። የሚያጣላቸው ዕቅድ ማጣት ነው።

ከቅርቡ ደግሞ የኮሪያው «ፓራሳይት» አለ፣ የ2019ኙ። ፖስተሩ ላይ የሁለቱ ቤተሰቦች ሰዎች ግቢ ውስጥ አሉ፤ የተዋናዮቹ ፊት አለ። ግን ዓይናቸው በቀለም ተሸፍኗል፤ የድሆቹ በጥቁር፣ የሀብታሞቹ በነጭ። ጥግ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የተጋደመ እግር አለ። ሰዎቹ እግሩን ያላዩት ይመስላሉ። «የማን እግር ነው?» ሳትል ማለፍ አትችልም። እግር ብቻ ይህን ሁሉ ሠራ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ የልብ አንጠልጣይ ፖስተር መዝገበ ቃላቱ አጭር ነው፦ ሽጉጥ፣ ጥቁር መነጽር፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ ጀርባውን የሰጠ ሰው፣ ከበስተጀርባ የማናውቀው አገር ፎቅና መብራት። ከኢንተርኔት የወረደ ከተማ። ፒያሳም አይደል፣ ሐዋሳም አይደል። ሽጉጥ በእኛ ሰፈር ስንቴ ታያላችሁ? ብዙዎቻችንን የሚያስፈራን ሌላ ነው። እኩለ ሌሊት ገርበብ ብሎ የተከፈተ የቆርቆሮ በር። መብራት በጠፋበት ቤት መስኮት ላይ የሚንቀሳቀስ ሻማ። ደጃፍ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ። ለአራት ሰው በተቀዳ ቡና ረከቦት ላይ አምስተኛ ሲኒ፣ እሱም ሞልቶ ያልተነካ። እነዚህ ነገሮች ስክሪፕቶቻችን ውስጥ አሉ! ጸሐፊዎቹ ይጽፏቸዋል፣ ካሜራው ይቀርጻቸዋል፣ ፖስተሩ ላይ ግን ሽጉጥ ይመጣል።

አንድ ለረጅም ጊዜ በሐሳቤ ያስቀመጥኩት ፖስተር አለ፤ የሚፈልገው ፊልም ካለ በነጻ እሰጠዋለሁ። የሠርግ ፎቶ ነው። ሙሽሮቹ መሃል፣ ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ፣ ዘመድ አዝማድ ከኋላ፤ ሁሉም ይስቃል፤ ቀኑ ብሩህ ነው። ከኋላ ረድፍ አንዲት እናት ቆመዋል። እሳቸውም ካሜራውን ያያሉ። ልዩነቱ አንድ ነው። ነጠላቸውን ያጣፉት እንደ ሐዘንተኛ ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊታቸው ዞሯል። በቃ። ጥቁር ቀለም የለም፣ ቀይ የለም፣ ደም የለም። የእኛ ሰው ግን ሦስት ሰከንድ ካየው ዓይኑ እዚያ ላይ ይቀራል። ሠርግ ላይ የማንን ሐዘን ነው የተቀመጡት? ማን ነው የሞተው? ከሚስቁት መካከል ማን ያውቃል? የውጭ ሰው አይገባውም ይሆናል፤ ለእሱ ሌላ ፖስተር ይሠራለታል። ይሄ ግን በማንም ሶፍትዌር ተጽዕኖ፣ በማንም የወረደ ፎቶ አይገኝም። ቀረጻው ላይ ሠርጉ ተደግሶ፣ ልብሱ ተለብሶ፣ ሰዉ ተሰብስቦ ባለበት ቀን ካልተነሳ መቼም አይነሳም። አስቀድሞ መታቀድ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ፊደላችንን ላንሳ። የርዕሱ ጽሕፈት ለብዙዎች የመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ ሥራ ናት። የተሰነጣጠቀና የተቦጫጨቀ ተጽዕኖ ይጫንበታል፣ «አስፈሪ» እንዲሆን። ለላቲን ፊደል የተሠራን ነገር በእኛ ፊደል ላይ እንዳለ ስትጭነው ምን እንደሚሆን አይታችኋል? የእኛ ፊደል ድምፁን የሚቀይረው በትንሽ ጭረት ነው። የ«ድ»ን ቅጥያ ስንጥቁ ከበላት «ገድል» ሄዶ «ገደል» ይሆናል። የቅዱስ ታሪክ ሊሉ አስበው ሰው ገደል ይከታሉ። ርዕሱን መሬት እስኪነካ ወደ ጎን መለጠጡም እንደዚያው ነው፤ ፊደሉ የሚፈራ ሳይሆን የሚታዘንለት ይሆናል።

ይኸው ባሕርይ ግን ካወቅንበት ሀብት ነው። ለምሳሌ ርዕሱ «ጉዳይ» የሆነ ፊልም አለን እንበል። የ«ጉ»ን ቅጥያ ብታነሷት ምን ይቀራል? «ገዳይ»! እንግዲህ ፊደሉን በሙሉ ነጭ አድርጉትና ያቺን ትንሽ ቅጥያ ብቻ ጥቁር ቀይ አድርጓት፣ በጥቁር መደብ ላይ። ቀረብ ያለ ሰው «ጉዳይ» ያነባል። ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ ቀይዋ በጥቁሩ ስለምትዋጥበት፣ «ገዳይ» ያነባል። ሁለት ሰዎች ታክሲ ተራ ላይ በርዕሱ ሲከራከሩ ይታያችሁ። ይህን የሚያህል የነጻ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል? እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፣ እኛ የለንም፤ እኛ ግን ይሄ አለን። ስለ ቀይም ካነሳን አይቀር፣ በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው። ቀይ ለእኛ ደም ብቻ አይደለም፤ ክብርም ነው። ፖስተሩን በሙሉ ቀይ ከማፍሰስ ይልቅ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ማስቀመጥ የበለጠ የሚናገረው ለዚህም ነው።

አሁን የባለሙያ ነገር ልበል፤ ለማይመለከታችሁ ዝለሉት። ስክሪን ሾት ለፖስተር አይሆንም የምለው በኩራት አይደለም፣ በሒሳብ ነው። አንድ የፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ፒክስል ገደማ። 70 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፖስተር በኢንች 150 ነጥብ እንኳ ይታተም ቢባል ወደ 24 ሚሊዮን ፒክስል ይፈልጋል። አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሲለጠጥ የተዋናይቱ ፊት ገንፎ የሚመስለው ለዚህ ነው። ዛሬ ብዙ ደህና የፎቶ ካሜራ 24 ሜጋ ፒክስል አለው። ቀረጻው ላይ ግማሽ ቀን ለፖስተር ፎቶ ብቻ መመደብ ችግሩን ይፈታዋል።

ሁለተኛ፣ ጨለማ። ልብ አንጠልጣይ ጨለማ ይወዳል፤ ማተሚያ ቤት ግን ጨለማን አይወድም። ስክሪን ላይ ከውስጥ ብርሃን አለ፣ ወረቀትና ባነር ላይ የለም። ኮምፒውተሬ ላይ የሚታየኝ በጥላው ውስጥ የቆመ ሰው ታትሞ ሲመጣ የለም፤ ጭቃ ሆኗል። ስለዚህ ጥላውን ከሚመስለው በላይ ማብራት፣ ሰፊውን ጥቁር መደብ በጥቁር ቀለም ብቻ ሳይሆን ሌሎቹን ቀለሞችም ጨምሮ ማተም (አለዚያ ግራጫ ይሆናል)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሉው ከመታተሙ በፊት ትንሽ ናሙና አሳትሞ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማየት።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ዛሬ ብዙ ሰው ፖስተሩን መጀመሪያ የሚያየው አውራ ጣቱ በምታክል ምስል፣ ቴሌግራም ወይም ዩቲዩብ ላይ ነው። ፖስተር ቁመቱ ይረዝማል፤ የዩቲዩብ ሽፋን ደግሞ 1280 በ720፣ ወደ ጎን ነው። ቁመቱን ቆርጠው ሲያስገቡት ወይ ርዕሱ ይሄዳል ወይ ጭንቅላት ይሄዳል። የታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ የፊልሙ ርዝመት ይጻፍበታል፤ ርዕሱን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ርዕሱን ሸፈነው። ሁለቱም ቅርጽ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። ዘጠኝ ጭንቅላት በአውራ ጣት መጠን ዘጠኝ የሽምብራ ፍሬ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይታያል።

የፕሮዲውሰሮቹን ወገን ሳልሰማ አልለፍ። ሐቅ አላቸው። ገንዘባቸውን፣ አንዳንዴም ቤታቸውን አስይዘው ነው የሚሠሩት። ሰው ፊልም የሚመርጠው በተዋናይ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ተዋናዮቹም «የእኔ ፊት ከእሱ ለምን አነሰ?» ይላሉ፣ ኩርፊያም አለ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን መፍትሔ አለው። ለእያንዳንዱ ተዋናይ የየራሱን ፖስተር ሥሩለት፤ በገጹ ይለጥፈው፣ ተከታዮቹ ያዩታል፣ ለማስታወቂያም ጥሩ ነው። ሁሉም ላይ ግን መብራቱ፣ አለባበሱ፣ አቋቋሙ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ገዳዩ ተለይቶ አይታይ። ዋናው ፖስተር ደግሞ ለጥያቄው ይተው።

«የእኛ ተመልካች ረቂቅ ነገር አይገባውም» የሚለውን ግን አልቀበልም። አሽሙር ከእናቱ ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ የተማረ ሕዝብ ነው! አንዲት ቃል ላልቶ ወይም ጠብቆ ሲነገር ትርጉሙ እንደሚገለበጥ የሚያውቅ ሰው የነጠላ ጥለት አይገባውም? ተመልካቹን አሳንሶ ያየ ፊልም ተመልካቹም መልሶ አሳንሶ ያየዋል።

እንግዲህ ለመጨረሻ፣ እኔ ዕቅዱ እንዲህ ቢሆን እላለሁ፦

1. ስክሪፕቱ ባለቀ ማግስት ዲዛይነሩ ሙሉውን ያንብብ። ከዳይሬክተሩ ጋር ቁጭ ብለው የፖስተሩን ጥያቄ በአንድ መስመር ይጻፉት። በአንድ መስመር ካልተጻፈ ገና አልተገኘም።

2. የማይታዩ ነገሮች ዝርዝር ይውጣ፦ ገዳዩ፣ የሟች ማንነት፣ የተሸሸገው ዝምድና፣ መጨረሻው ቦታ። ይህ ዝርዝር ለዲዛይነሩም፣ ማስታወቂያውን ለሚቆርጠው ኤዲተርም፣ ገጹን ለሚያስተዳድረው ልጅም ይድረስ።

3. ከስክሪፕቱ ውስጥ አምስት ዕቃዎች ይመረጡ። ሽጉጥ ከአምስቱ አንዱ ከሆነ በምን ምክንያት እንደሆነ ይጻፍ።

4. ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ሃያ ንድፍ በእርሳስ ይሠራ፣ እያንዳንዱ ከክብሪት ቀፎ ባልበለጠ መጠን። በዚያ መጠን የማይገባ ሐሳብ ባነር ላይም አይገባም።

5. የቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ ለፖስተር ፎቶ ግማሽ ቀን ይያዝ፤ ሰፋ ተደርጎ ይነሳ፣ ለቁመትም ለወርድም እንዲቆረጥ።

6. የተመረጡት ሦስት ንድፎች ስለ ፊልሙ ምንም ለማያውቅ ሰው ለሦስት ሰከንድ ይታዩ። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሰው ይሉኝታ አለው፣ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። «ምን ማወቅ ፈለግህ?» በሉት። መልስ ካለው ያ ፖስተር ነው። «ምንም፣ ገባኝ» ካለ ወደ እርሳሱ ተመለሱ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ጊዜን ነው፤ ጊዜው ደግሞ ነበረን፣ ስልኩ የተደወለው በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ ነው ያጣነው።

ወጣት ዲዛይነሮች፣ ለእናንተም አንድ ነገር። «ለነገ ጠዋት» ሲሏችሁ ቢያንስ ስክሪፕቱን ጠይቁ። ካልሰጧችሁ «ገዳዩ ማነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሳታውቁት ቀይ መብራት የምታበሩበት እሱ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ተመልካቾች ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሲኒማ ቤት ስትሄዱ ፖስተሩን ስትገቡም ስትወጡም እዩልኝ። ስትወጡ አዲስ ነገር ያሳያችሁ የአገራችን ፖስተር ካለ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት፤ የሠራውን ልጅ ስሙን ፈልገን እናመስግነው። ብዙውን ጊዜ ስሙ ፖስተሩ ላይ እንኳ አይጻፍም።